ስሞቹ የተሰባበሩበት የውጤት ዝርዝር

የተማሪዎቼን ውጤት ከመማሪያ መድረኩ በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አወረድሁና ሁለቴ ጠቅ አድርጌ በኤክሴል ከፈትሁት። ውጤቶቹ ደህና ናቸው፤ በአማርኛ የተጻፉት ስሞች ግን የምልክት ክምር ሆነዋል። መለያ ቁጥሮቹም ከፊታቸው ያለውን ዜሮ ጥለዋል፤ 00417 የነበረው 417 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ፎንት የጎደለ መስሎኝ ግማሽ ቀን ፎንት ስቀያይር ዋልሁ። ከንቱ ድካም!

ፍንጩ የተገኘው ምልክቶቹን ስቆጥር ነው። «ሳራ» የሚለው ባለሁለት ፊደል ስም ስድስት ምልክት ወጥቶታል። ፊደሎችን በባይት (ኮምፒዩተር መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ አሐድ) በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ እኔ በከፈትሁበት መንገድ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው እንደ ፊደል ተነቧል። ፋይሉ ምንም አልሆነም ማለት ነው።

ስለዚህ ባዶ ሠንጠረዥ ከፍቼ ከ«ዳታ» ሥር ከሲኤስቪ ማስገቢያውን መረጥሁ። የፋይሉን ምንጭ «65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8» ሳደርገው ስሞቹ ዓይኔ እያየ ተስተካከሉ። ለመጫን አልቸኮልሁም፤ በ«ትራንስፎርም ዳታ» ገብቼ የመለያ ቁጥሩን ዓምድ ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀየርሁ። ነባሩን ልተካ ወይስ አዲስ እርምጃ ልጨምር ብሎ ሲጠይቅ ተካ ማለት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የወደቁት ዜሮዎች አይመለሱም።

ውጤት ሞልቼ ስመልስም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው ዓይነት አስቀመጥሁት። ተራውን ሲኤስቪ ብመርጥ ኖሮ ስሞቹ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ይቀሩ ነበር።