የጉዲፈቻ ልጅ ቤተሰቡን ፍለጋ ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። በጉዲፈቻ ውጭ አገር ሄደው ያደጉ ልጆች አሁን ወጣቶች ሆነዋል፤ እናታቸውን ፍለጋ ይመጣሉ። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከሲዳማ ብዙ ልጅ ሄዷል። ከመላው ኢትዮጵያ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ «ልጅሽን ውጭ እልክልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ጆሮ አትስጡት።

የሄዱት ግን እየመጡ ነው። ሲመጡ የምንሳሳተውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን እንዳለ ማመን። ልጁ ይዞት የሚመጣው ሰነድ «እናት በህይወት የለችም» ሊል ይችላል። እናት ግን ጓሮዋ እንሰት እየፋቀች ትገኛለች። ዕድሜም እንደዚሁ ተቀንሶ የተጻፈበት አለ። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አጣሩ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው። እኔ ፍለጋ የምጀምረው ልጁ ራሱ ከሚያስታውሰው ነው፦ የወንድም ስም፣ የወንዝ ስም፣ ገላው ላይ ያለ ጠባሳ። ከዚያ የቀበሌውን ሽማግሌዎች እጠይቃለሁ።

«ደም ይስባል» ብሎ ምርመራውን መተው። መልክ ይመሳሰላል፣ እንባም ይመጣል። ይህ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። የዲኤንኤ ናሙና ምራቅ ወይም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ነው፤ መርፌ የለውም። ውጤቱ ሳይመጣ ሰፈር አትጥሩ፣ በግ አትረዱ። እናት «አላመናችሁኝም?» ብላ ልትከፋ ትችላለች። የዋሸው ወረቀቱ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ቁጭ ብላችሁ አስረዷት።

በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ ማንሳት። ይህን ስህተት በደንብ መረዳት ይገባል፣ ከስግብግብነት ብቻ አይመጣምና። በባህላችን ጉዲፈቻ የሄደ ልጅ ወላጆቹን ያውቃል፣ ይጠይቃል፣ ሲያልፍለት ይረዳል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችንም ልጁ ከተፈጥሮ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። አሜሪካን በመሰሉ አገሮች ግን በጉዲፈቻው የወላጆች መብት ያከትማል። ስለዚህ እዚህ ያለችው እናት ልጇን ለትምህርት እንደላከች አስባ ስትጠብቅ ኖራለች። እዚያ ያለው ልጅ ደግሞ ተጥያለሁ ብሎ አድጓል። ሁለቱም የተሳሳቱት በራሳቸው ጥፋት አይደለም። በዚህ መሀል የአክስት ልጅ ተነስቶ «ስልክ ግዢልኝ» ሲል ልጅቷ የተፈለገችው ለኪሷ ይመስላታል። ከዘመድ አንድ ሰው ምረጡ፤ የእርዳታ ጉዳይ በእሱ በኩል፣ ሌላ ቀን ይነሳ።

ጉርሻ ላይም ቀስ በሉ። ጥሬ ሥጋና የሀይቁን ጥሬ ዓሣ ሆዳቸው አልለመደም።

አስተርጓሚው ነገር ሲያለሳልስ። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። የተገናኙት እዚሁ ሀዋሳ፣ ሀይቁ አጠገብ ባለ እንግዳ ማረፊያ ነው። እናትየዋ ከሶዶ ወዲያ ከገጠር ሌሊት ተነስታ ነው የመጣችው። ስትገባ የልጅቷን ፊት አላየችም። ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እንደ ለቅሶ ቤት ጮኻ አለቀሰች። ልጅቷ ደነገጠች፤ እዚያ እንዲህ አይለቀስም። ይህን አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

እናትየዋ የምትናገረው ወላይትኛ ነው። የአጎት ልጅ ወደ አማርኛ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሳለን። ልጅቷ «ለምን ሰጠሽኝ?» ብላ ጠየቀች። እኔ እናትየዋ እንዳትጎዳ ፈርቼ «እንዴት ነበር የሄድኩት?» አልኩ። መልሱ ስለ መኪናውና ስለ መንገዱ ሆነ። ልጅቷ ዓይኔን አየችኝ። ጥያቄዋ እንዳልደረሰ ገባት።

ይቅርታ ጠይቄ እንዳለ ደገምኩት። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አባትሽ ሞቶ የማበላሽ አጣሁ። ተምራ ትመለሳለች አሉኝ። ትምህርት ቤት ክረምት ይዘጋል ሲሉ ሰማሁና ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን አይ ነበር።»

እኔ ብሸፍነው ኖሮ ልጅቷ ይህን ሳትሰማ ትመለስ ነበር። አስተርጓሚ ስትይዙ የተባለውን እንዳለ ካልነገራችሁ ሌላ ፈልጉ።

አሳዳጊዎቿን መውቀስ። ልጅቷ እነሱንም እናትና አባት ትላቸዋለች። እንድትመርጥ አታስጨንቋት። በየትኛው ስሟ መጠራት እንደምትፈልግም እሷኑ ጠይቋት።

ከሄደች በኋላ ዝም ማለት። «እሷ ትደውል» እያሉ ሁለቱም ይጠባበቃሉ፤ ዓመት ያልፋል። ቀኑን ሳትለያዩ ቁረጡት። ያቺ እናት የራሷ ስልክ የላትም። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ በጎረቤት ልጅ ስልክ ይገናኛሉ። ብዙ አያወሩም፣ ቋንቋ የላቸውም። እናትየዋ በሕፃንነቷ ስም ደጋግማ ትጠራታለች። ልጅቷ የአጎቷ ልጅ ባስጠናት አንዲት የወላይትኛ ቃል «አለሁ» ትላታለች።