ሐዋሳ ላይ ሆኖ የልጅ አስተዳደግ ምክርን ወደ ክፍያ ኮርስ መቀየር

እርስዎ ስለ ልጅ አስተዳደግ በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፉትን በነፃ ስታነብ የኖረች እናት ያንኑ ጽሑፍ በፒዲኤፍ አድርገው "300 ብር" ቢሏት አትገዛም። ብትገዛም ለእህቷና ለጎረቤቷ ታስተላልፈዋለች፤ ሽያጩም እዚያው ያበቃል። ገንዘብ የሚያስወጣት ክትትል ነው። ማታ "ልጄ ዛሬም ምግቡን ተፋው፤ ምን ላድርግ?" ብላ ስትጽፍ መልስ የሚሰጣት ሰው ማግኘቷ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስንት ሰው መከታተል እንደሚችሉ ይወስኑ። ሌላ ሥራ ላለው ሰው በአንድ ዙር 20 ወላጅ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ጥያቄ ሳይመለስ ያድራል፤ ያደረ ጥያቄ ደግሞ "ብሬ ይመለስልኝ" ይሆናል።

ርዕሱን ለመምረጥ ያለፉትን 3 ወራት የውስጥ መስመር መልእክቶች ከፍተው ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ይቁጠሩ። ላይክና ሼር አይቁጠሩ፤ ሰው የሚያጋራው ጽሑፍና የሚቸገርበት ጉዳይ አንድ አይደሉም። "ልጅ አስተዳደግ" የሚል ኮርስ ለማንም አይሸጥም። "ከ6 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ ምግብ ማስጀመር፣ በ4 ሳምንት" ግን የሚፈልጉት ሰዎች የልጆቻቸው ዕድሜ እንኳ የታወቀ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ሳይቀርጹ ያስተምሩ። ከ8 እስከ 10 ወላጆችን በግማሽ ዋጋ ይመዝግቡ። በነፃ አያስገቡ፤ በነፃ የገባ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ላይቭ 40 ደቂቃ ያስተምሩ። አስተዳዳሪው ሬከርድ ካደረገ ቅጂው ሴቭድ ሜሴጅስ (በቴሌግራም ያለው የግል ማስቀመጫው) ውስጥ ይገባለታል። ዙሩ ሲያልቅ ቅጂዎቹን ይስሙና ሦስት ሰው የጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ለይተው ይጻፉ። ለቋሚው ትምህርት ማውጫ የሚሆነው ያ ዝርዝር ነው፤ ቤት ቁጭ ብለው ያሰቡት ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ይጣላል።

ትምህርቱ ምን ያህል ዝርዝር መሆን እንዳለበት የመጀመሪያው ሳምንት ያሳያል። "ከ6 ወር ጀምሮ" ብለው ብቻ ካለፉ፣ አንዷ እናት "ስድስት ገባ" ብላ በ5 ወሩ ትጀምራለች፤ ለብዙ ሰው "ገባ" ማለት አምስቱ አለቀ ማለት ነውና። ስለዚህ በመመዝገቢያው ላይ ዕድሜ አይጠይቁ፤ የተወለደበትን ቀን ጠይቀው 180 ቀን ቆጥረው ራስዎ ይንገሯት። ቀጥሎ ቡላ አለ። እዚህ አካባቢ የቡላ ገንፎ የታወቀ ነው፤ ሆድም ይሞላል፣ ነገር ግን አብዛኛው ስታርች ስለሆነ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ትምህርቱ "ቡላ አትስጡ" ቢል ማንም አይሰማም። "ቡላው ላይ በደንብ የበሰለ እንቁላል ወይም የምስር ክክ ፈጭታችሁ ጨምሩበት" ይበሉ። ውፍረቱን ደግሞ በቪዲዮ ያሳዩ፦ ማንኪያው ዘንበል ሲል ገንፎው ወርዶ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የተገዛ ዓሣም ጥሩ ነው፤ ግን ተቀቅሎ፣ በጣት እየተዳሰሰ እሾሁ ተለቅሞ። በጾም ወቅት ድስቱ እንዳይነካካ ብላ ለልጁ እንቁላል የምትተው እናት ስላለች፣ አንድ ትንሽ ድስት ለልጁ ብቻ እንድትለይ የሚመክር አንድ ደቂቃ ያስገቡ። ማር ከ1 ዓመት በፊት እንደማይሰጥም በግልጽ ይነገር፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ቀረጻው በስልክ ይበቃል። ፊትዎን ወደ መስኮት አዙረው፣ ልብስ ላይ በሚሰካ ማይክ፣ መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል ይቅረጹ፤ ባዶ ሳሎን ያስተጋባል፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት ደግሞ የባጃጅ ድምፅ ይገባበታል። በ1080 ጥራት የተቀረጸ 1 ደቂቃ 100 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ 7 ደቂቃው 700 ሆነ ማለት ነው። በሞባይል ፓኬጅ የምትማር እናት አትከፍተውም። በእጅ የሚሠራውን ብቻ በ720 ቀርጸው አሳንሰው ይላኩ፤ የቀረው በድምፅና በፎቶ ይሁን። ቪዲዮ የግድ ነው የሚለው ምክር ዋይፋይ ላለው ሰው የተሰጠ ነው።

ትምህርቱን በዝግ ቻናል፣ ጥያቄውን በዝግ ግሩፕ ያድርጉት። የመግቢያ ሊንኩ በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስገባ ይሁን፤ አለዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ያልከፈሉ ሰዎች ይሞሉበታል። ማስተላለፍና ማስቀመጥ የሚከለክለውን ሴቲንግም ያብሩ፤ በሌላ ስልክ የሚቀዳን ሰው ግን አያስቆምም፣ ብዙም አይጨነቁበት። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ሲቀበሉ ስክሪንሾት አይመኑ፤ በቀላሉ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩን ጠይቀው ለእርስዎ ከደረሰው መልእክት ጋር ያመሳክሩ፤ ስም፣ ቀን፣ ብርና ቁጥሩን በአንድ መዝገብ ይያዙ። ለዚህ ሥራ የተለየ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለ ትርፍ ይሁን ኪሳራ አይታወቅም።

ዋጋውን በሰዓት ያስሉት። 20 ሰው በ600 ብር 12,000 ብር ይሆናል። በቀን 1 ሰዓት በሳምንት 6 ቀን መልስ ከሰጡ በ4 ሳምንት 24 ሰዓት ነው፤ ማስተማሪያና ዝግጅቱ 6 ሰዓት ቢጨምር 30 ሰዓት። በሰዓት 400 ብር፣ ኢንተርኔትና ግብር ሳይነሳለት። ካላዋጣዎት ሰው አይጨምሩ፤ ዋጋውን ወይም የመልስ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ምዝገባ ደመወዝ በሚገባበት በወሩ መጨረሻ ይከፈት። መስከረም ላይ አይጀምሩ፤ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ ኪስ አራግፏል።

ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ጡት እንቢ ማለት፣ የክብደት መቀነስ ሲነሳ መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ጤና ጣቢያ። ይህን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የመድኃኒት ስም በግሩፑ ውስጥ አይጠራ። የሕፃናቱን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለማስታወቂያ አይጠቀሙ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው።

ሁለተኛው ዙር ከመከፈቱ በፊት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያውጡ። የሚመዘገቡበት የሥራ ዘርፍ የሚጠየቁትን ሰነድ ስለሚወስን፣ ምን ለማን እንደሚያስተምሩ በአንድ ገጽ ጽፈው ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ።

በመመዝገቢያው ላይ የተቀበሉትን የልጁን የልደት ቀን አይሰርዙ። ዛሬ ገንፎ ያስጀመረች እናት ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ ዳይፐር ማስጣል ትጠይቃለች፤ መቼ እንደምትጠይቅ ደግሞ ቀኑ ይነግርዎታል።