የእውነት ታሪክ ፊልሞችን ሪቪው ለምትሰሩ፡ ምን እያያችሁ ምን ትጽፋላችሁ

ኦስካር በመጣ ቁጥር ከእጩዎቹ መሀል የእውነት ታሪክ ላይ የተሰራ ፊልም አይጠፋም፣ ሪቪው ተብሎ የሚለጠፈው ግን አብዛኛው ወይ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ መተረክ ነው ወይ ደግሞ "እንዲህ አልተደረገም ውሸት ነው" እያሉ ስህተት መልቀም። ሁለቱም ሪቪው አይባልም። መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ዳይሬክተሩ እውነቱን የነካካው ምን ሊያገኝበት ነው፣ አገኘበት ወይ? የሚለው ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳታነቡ እዩት። ዊኪፔዲያውን አስቀድማችሁ ከጨረሳችሁት ፊልሙ ያልነገራችሁን ነገር ሁሉ የነገራችሁ ይመስላችኋል። እያያችሁ ግን "ይቺ ነገር በጣም ተመቻችታለች" ያስባለቻችሁን ሲን ስልካችሁ ላይ ከነደቂቃዋ ያዟት፣ በእውነተኛው ህይወት ሰው ልክ በሚፈለግበት ሰአት ከተፍ አይልማ።

ለምሳሌ ስለ አሜሪካዊው የፎክ (የባህላዊ ስልት) ዘፋኝ ቦብ ዲላን የተሰራውን ኤ ኮምፕሊት አንኖውንን እንይ (እ.ኤ.አ 2024፣ 8 የኦስካር እጩነት፣ አንድም አልወሰደም)። ማብቂያው አካባቢ እ.ኤ.አ 1965 ኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዲላን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ፣ ፎክን ከዳ ብሎ ከህዝቡ መሀል አንዱ "ይሁዳ!" ብሎ ይጮህበታል። ጩኸቱ የእውነት ነው፣ ግን የተጮኸው በአመቱ 1966 እንግሊዝ ማንችስተር ውስጥ ነው። ይሄን አግኝታችሁ "ያዝኩት!" ብላችሁ ከቆማችሁ ገና አልጀመራችሁም። ፊልሙ 1965 ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ ከዛ በኋላም የቀጠለውን ቁጣ አንድ ምሽት ላይ ጠቅልሎ ማስገባት ነበረበት፣ ለድራማው ሰርቶለታል። የከፈለው ዋጋ ግን አለ፣ ምክንያቱም ኒውፖርት ላይ ሰዉ ለምን እንደጮኸ እስካሁን ያከራክራል፣ ጊታሩ ነው ያናደዳቸው የሚል አለ፣ ሳውንዱ ተበላሽቶ ነው የሚል አለ፣ ያቺ አንዲት ስድብ ስትገባ ክርክሩ በሙሉ ተዘጋ። በኔ በኩል ትንሽ ርካሽ ሆኖብኛል፣ እናንተ ላትስማሙ ትችላላችሁ፣ ግን እንዲህ መመዘን ነው ስራው።

ስለ አቶሚክ ቦምብ ሰሪው ሳይንቲስት የተሰራው ኦፐንሃይመርም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ፊልሙ ላይ ኦፐንሃይመር ቦምቡ የአለምን አየር በሙሉ ያቀጣጥል ይሆን የሚለውን ስጋት ይዞ የሚሄደው ወደ አይንስታይን ነው፣ በእውነቱ ግን ያማከረው የፊዚክስ ሊቁን አርተር ኮምፕተንን ነበር። ዳይሬክተሩ ኖላን ራሱ ሆን ብዬ ቀየርኩት ብሏል፣ አይንስታይንን ተመልካቹ ያውቀዋላ።

ቀጥሎ ታሪኩ ከማን አይን እንደሚታይ ጠይቁ፣ እዚህ ጋ ነው ጥሩ ሪቪው የሚወጣው። ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን አሜሪካ ውስጥ በኦሴጅ ነባር ህዝብ ላይ ስለተፈጸመ ግድያ ነው፣ የተሰራበት መጽሀፍ በብዛት የሚከተለው መርማሪዎቹን ነው፣ ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ ግን አዙሮ ወደ ባልና ሚስቱ፣ ወደ ኧርነስትና ወደ ኦሴጇ ሞሊ አመጣው። ጥሩ አደረገ፣ ግን አሁንም ካሜራው ሚስቱን ከሚመርዘው ባል ጋር ነው የሚውለው። ለፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ ያማከረው ሰው እንኳን ከሞሊ አንጻር ቢሆን ኖሮ ብሎ ተናግሯል። ሪቪያችሁ ይሄን ሳይነካ ባልየውን ስለተወነው ዲካፕሪዮ ፊት ብቻ ካወራ ጎድሏል።

የተተወውንም እዩ። አይም ስቲል ሂር ላይ የቀድሞው የብራዚል ፓርላማ አባል ሩቤንስ ፓይቫ በወታደራዊው መንግስት ሰዎች ከቤቱ ሪዮ ውስጥ ይወሰዳል፣ ከዛ ምን እንዳደረጉት ፊልሙ አንዴም አያሳይም። ካሜራው ከሚስቱ ከዩኒሲ ጋር ይቀራል፣ ምክንያቱም ታሪኩን የጻፈው ልጃቸው ነው፣ ያኔ የ11 አመት ልጅ ነበር፣ ቤተሰቡም ያየው እሱ በበሩ ሲወጣ ብቻ ነው። አንድ ሲን አለ፣ የመጽሄት ሰዎች ቤተሰቡን ፎቶ ሊያነሱ መጥተው ኮስተር በሉ፣ አትሳቁ ሲሏቸው እናትየው ልጆቹን ፈገግ በሉ ትላለች። ስለ አምባገነን መንግስት ሁለት ገጽ ከምትጽፉ ይቺን ሲን በደንብ ግለጿት።

በነገራችን ላይ አመተ ምህረት ስትጽፉ እ.ኤ.አ ማለትን እንዳትረሱ። ሰውየው የተወሰደው ጥር 1971 ነው ብላችሁ ዝም ካላችሁ አንባቢያችሁ ደርግ ዘመን ላይ ያስቀምጠዋል፣ በኛ 1963 ነው፣ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ።

ትወና ላይ መመሳሰልና መተወን ይለያያሉ። ሜካፑና የተቀጠለው አፍንጫ የሌላ ሰው ስራ ነው፣ ለሱ የራሱ ሽልማት አለው። የእውነተኛውን ሰው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ከፊልሙ በኋላ እዩ፣ ከዛ ተዋናዩ ድምጹን ብቻ ነው የቀዳው ወይስ ሰውየው ዝም ሲል ምን እንደሚያስብም አሳይቶናል የሚለውን ጻፉ።

መጨረሻ ላይ ስለሚመጡት ጽሁፎችና የእውነት ፎቶዎች ደግሞ ተጠንቀቁ። እዛ ጋ ሁሉም ሰው ያለቅሳል! ግን ያለቀሳችሁት ለፊልሙ ነው ወይስ ለፎቶው? ደረጃ የምትሰጡ ከሆነ ፎቶዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበራችሁን ስሜት ነው የምትመዝኑት።

ስፖይለርን (ላላየ ሰው ፊልሙን አስቀድሞ መናገርን) በተመለከተ፣ ኦፐንሃይመር ላይ ቦምቡ መፈንዳቱ ስፖይለር አይደለም፣ ፊልሙ እንዴት አድርጎ እንዳፈነዳው ግን ነው። ሽልማቱ ላይ እጩና አሸናፊ አትቀላቅሉ፣ ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን 10 ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን ነው የወጣው፣ አይም ስቲል ሂር በ3 እጩነት ለብራዚል የመጀመሪያዋን ኦስካር አመጣ። ይሄን አንድ መስመር ላይ ጣል አድርጋችሁ እለፉት።