ልጆች አይተው ብቻ የማያልፏቸው ሦስት ድረ ገጾች

ለልጅ ድረ ገጽ ስትመርጡ ከካርቱኑና ከቀለሙ በፊት ልጁ ምን እንደሚሠራበት እዩ። ቪዲዮ ብቻ የሚደረድር ገጽ ዳታ ይጨርሳል፤ ልጁ ስልኩን ሲመልስ ግን በእጁ የቀረ ነገር የለም። እነዚህ ሦስቱ ነጻ ናቸው፤ አንዴ ካወረዳችኋቸው ኔትወርክ ቢጠፋም ያገለግላሉ።

ስክራች

የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ስክራች ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ባለቀለም ብሎኮችን በማገጣጠም ኮዲንግ ያስተምራል። የስልክ ስክሪን ይጠበዋል፤ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ይሻላል። ከላይ ካለው የቋንቋ ምርጫ አማርኛን ምረጡ።

ለመጀመሪያ ሥራ ፊደል የሚያነብ ጨዋታ ጥሩ ነው። ስክራች ሲከፈት የምትታየውን ድመት አጥፉና አዲስ ሥዕል ክፈቱ። ልጁ «ለ»ን በብሩሽ ራሱ ይጻፍ፤ መተየብ ይፈጥናል፣ እጅ የጻፈው ግን አይረሳም። በዚያው ሥዕል ላይ ስድስት ገጽታ (የሥዕሉን ተለዋጭ መልክ) ጨምሮ እስከ «ሎ» ይሙላ። ቀጥሎ በድምፅ ገጹ ሰባቱን በዚያው ቅደም ተከተል ይቅዳ። ውጭ አገር ያላችሁ የአያትን ድምፅ ብትጠቀሙ እሰየው፤ ብቻ ከቴሌግራም የመጣ የድምፅ መልእክት ወደ ኤምፒ3 ካልተቀየረ ስክራች አይቀበለውም።

አሁን ሦስት ብሎኮችን በዚህ ቅደም ተከተል አገጣጥሙ፦ ሥዕሉ ሲነካ የሚጀምረው ቢጫ፣ ድምፁን እስኪያልቅ የሚያጫውተው ሮዝ፣ ወደ ቀጣዩ ገጽታ የሚያሻግረው ሐምራዊ። በሮዙ ብሎክ ክፍት ቦታ ላይ የገጽታውን ቁጥር የሚናገረውን ሞላላ ሐምራዊ ብሎክ ክተቱ።

«ሉ» ሲነካ «ለ» የሚል ከሆነ፣ አዲስ ሥዕል ይዞት የሚመጣው «ፖፕ» የሚባል ድምፅ ቁጥር 1ን ይዞ ሁሉንም በአንድ ስላንሸራተተ ነው። አጥፉት። ድምፁ ሳያልቅ ፊደሉ ከተቀየረ ደግሞ የመረጣችሁት እስኪያልቅ የማይጠብቀውን ብሎክ ነው።

ለዚህ ሁሉ አካውንት አያስፈልግም፤ ሥራውን ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡት። ሳታስቀምጡ ገጹ ከተዘጋ ግን ልፋቱ ሁሉ ይጠፋል። አካውንት ከከፈታችሁ የልጁን እውነተኛ ስም አትጠቀሙ፤ ያጋራውን ሥራ ማንም ያየዋል።

ፌት

ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ብላችሁ ፈልጉት። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የሳይንስና የሒሳብ ቤተ ሙከራ ነው፤ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ሀብት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ በፋይል ይወርዳል፤ በፍላሽ ገልብጣችሁ በብራውዘር ትከፍቱታላችሁ። መምህራን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ብትጀምሩ ይመረጣል። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ያገናኛል። ሽቦውን ያለ አምፖል ከባትሪው ጫፍ ጫፍ ሲያገናኝ እሳት ይነሳል፤ ሾርት ምን እንደሆነ ማንም ሳይቃጠል ያያል። ከመንካቱ በፊት «ምን ይሆናል?» ብላችሁ ግምቱን ደብተሩ ላይ አስጽፉት፤ ያለበለዚያ ነካክቶ ብቻ ይወጣል።

አፍሪካን ስቶሪቡክ

ለትናንሾቹ በሥዕል የተሞሉ ተረቶች እዚህ በአማርኛም አሉ፤ አውርዶ ማተም ይፈቀዳል። ትርጉሙን ማንም ተጠቃሚ መጫን ስለሚችል የፊደል ግድፈት ያለበት አይጠፋም፤ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብባችሁ የታተመውን በእስክሪብቶ አርሙት።