አጋዘን ጎመናችሁን እንዳይቀድማችሁ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ የጓሮ አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ስህተቶች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን በሚያዝያ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ፤ ሰኔ ሲገባ ይደውሉልኛል። «ማታ ለምለም ነበር፤ ጠዋት አገዳው ብቻ ቆሞ አገኘሁት» ይሉኛል። አጋዘን ነው። አጥር አላችሁ ወይ ስላቸው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አለን፣ ወገብ ይደርሳል።

ወገብ የሚደርስ አጥር ለአጋዘን አጥር አይደለም! ጭራው ከሥር ነጭ የሆነው የዚህ አካባቢ አጋዘን ሁለት ሜትር የሚያህል አጥር ይዘላል። ሰፊ ጓሮ 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ያስፈልገዋል። ሰው ይህን ሲሰማ ወጪው ያስደነግጠውና በግማሽ ከፍታ ብቻ ያጥራል። ያ ገንዘብ ባከነ ማለት ነው፤ ጎመኑም አልተረፈም። እባካችሁ፣ አቅም ካነሰ የምትተክሉበትን ቦታ አሳንሱ እንጂ አጥሩን አታሳጥሩ። አጋዘን የሚያርፍበትንና የሚወጣበትን ሳያይ አይዘልም፤ ጠባብ ቦታ ያስፈራዋል። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ መደብ ዙሪያውን በ1.2 ሜትር ሽቦ ቢታጠር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ሰፊ ጓሯቸውን በአጭር አጥር ከበው ለሁለት ዓመት የደከሙት ለአጋዘን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ጠባብ መደቦች ብቻ አስቀርተው እነርሱን በደንብ አጠሩ፤ ጎመኑን እየቀነጠሱ ለጎረቤት እስከ ማደል ደረሱ።

ረጅም አጥር ከመሥራታችሁ በፊት ግን የካውንቲውን ደንብና የመኖሪያ መንደራችሁን ማኅበር ጠይቁ። የከፍታ ገደብ የሚጥሉ አሉ። አጥሩም ችግኙ መሬት ከመንካቱ በፊት ይቁም፤ አጋዘን አንዴ የቀመሰበትን ቦታ እየተመላለሰ ይጎበኛል።

ሌባውን ሳይለዩ ሽቦ መግዛት ሌላው ጥፋት ነው። አጋዘን እንደ በሬ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቅጠሉን ገንጥሎ ነው የሚበላው፣ የቀረውም ጫፍ የተቦጫጨቀ ይሆናል። ጥንቸል ግን በሰያፍ ጥርት አድርጋ ትቆርጣለች። ለእርሷ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የዶሮ ሽቦ፣ ታችኛው ጫፉ ከተቀበረ፣ ይበቃል። በቀን ብርሃን የሚበላ፣ ከመጋዘን ወይም ከበረንዳ ሥር ጉድጓድ የሚቆፍር ወፍራም ቡናማ እንስሳ ካያችሁ ግራውንድሆግ ነው። እርሱ ይቆፍራል፣ ይወጣልም። ስለዚህ ሽቦውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቅበሩና ጫፉን ወደ ውጭ እጠፉት፤ ላይኛውንም ጫፍ ሳታስሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት፣ ሲወጣበት እንዲወዛወዝ።

ሳሙና ማንጠልጠልና ፀጉር መበተን ጊዜ ማባከን ነው። ከእንቁላል የሚሠራው ሽታው የከበደ ርጭት ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን መድገም ያስፈልጋል። ዕቃው ላይ ያለውን መመሪያ ሳታነቡ በምትበሉት ቅጠል ላይ አትርጩት።

ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት አጋዘን አይወድም። ብዙዎች ይህን ሰምተው ጎመኑን በጤና አዳም ይከባሉ። አጋዘኑ ጤና አዳሙን አልፎ ጎመኑን ይበላል! እነዚህን ከአጥር ውጭ ትከሏቸው፤ በአጥር ውስጥ ያለውን ውድ ቦታ ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለፎሶሊያ ተዉት።

እንስሳውን በወጥመድ ይዞ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከጎመኑ ይልቅ ሰውን ይጎዳል። አጋዘን በሚመላለስበት ሣር ውስጥ ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ሕፃኑ መዥገር ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ ትንሽ ነው። ከጓሮ ስትገቡ ብብትን፣ ከጉልበት ጀርባን፣ የልጆችን የራስ ቆዳ ፈትሹ። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ መዥገሩ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ ሲቆይ ነውና በዚያው ዕለት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ካገኛችሁት ቅቤም ጋዝም አትቀቡበት፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩት።