ጀግናው ይብረር፣ ንግግሩ ይጠር

ጎንደር ውስጥ ከሠዓሊ ጓደኛችሁ ጋር አስቂኝ የልዕለ ጀግና ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ልትጀምሩ ነው? እንግዲያው ጸሐፊው ረጅም ድርሰት ጽፎ አያስረክብ። ፒያሳ ቁጭ በሉና ወረቀት ላይ አራት ሳጥን አስምሩ። ሰዎቹን በጭረት ብቻ ሞነጫጭሩ። እንዲህ ሆኖ ካላሳቀ በቀለምም አያስቅም።

ሳቁ ያለው ከጀግናው ጉልበት ይልቅ ጉድለቱ ላይ ነው። መብረር ይችላል እንበል፤ ግን ከፍታ ያዞረዋል። ሌባው ወደ አዘዞ ሲያመልጥ ጀግናችን ካባውን ሰብስቦ ታክሲ ውስጥ ይገባል። የታክሲው ረዳት ደግሞ «ሰው ሳይሞላ አንነሳም!» ይለዋል። ይቺን መስመር ለአራተኛው ሳጥን አቆዩዋት፤ ቀድማ ከወጣች ቀልዱ ይከሽፋል።

የፋሲልን ግንብ በየሳጥኑ አትሳሉ። መጀመሪያ ላይ አንዴ ከታየ ቦታው ይታወቃል፣ ሠዓሊውም ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይገላገላል።

ንግግሩን ከሥዕሉ በፊት በእርሳስ ጻፉት፤ አለዚያ ቦታ ያጥራል። ቀድሞ የሚናገረው በግራ ይቁም፣ ካልሆነ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል።

ሥዕሉ ያሳየውን የሚደግም ቃል ካለ ሠዓሊው ይሰርዘው። ጸሐፊው ካኮረፈ ማኪያቶ ጋብዙት።