የሞቶክሮስ ሞተር ሲፈላ መጀመሪያ የአየሩን መንገድ እዩ

ምልክቱ ይሄ ነው። ጥቂት ዙር እንደተነዳ የራዲያተሩ ማስተንፈሻ ቱቦ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይተፋል። ጭቃ ላይ፣ ፍሪሲዮን (ክላች) እየተያዘ ቀስ ብሎ ሲኬድ ደግሞ ይብሳል።

ኩላንቱ ሙሉ እንደሆነ አይታችኋል ብዬ ልለፈው። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ግን በፍጹም! ፊት ያቃጥላል።

አብዛኛው የሞቶክሮስ ሞተርሳይክል ማራገቢያ የለውም። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው በጉዞ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ከታንከሩ ግራና ቀኝ ወደፊት የወጡት ፕላስቲኮች ለጌጥ አልተሠሩም። አየሩን ሰብስበው በራዲያተሩ ያሳልፉታል። የጋለውንም ወደኋላ ያስወጡታል። ራዲያተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ድንጋይና ጭቃ ይመልሳል፣ አየሩንም ያቀናል።

ደጋግሜ የማየው ምክንያት አንድ ነው፤ ራዲያተሩ ታፍኗል። አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ አምጥቶልኛል። የውሃ ፓምፑን ቀይሯል፣ ክዳኑን ቀይሯል፣ አሁንም ይፈላል። ፍርግርጉን ፈታሁና ከራዲያተሩ ኋላ ባትሪ አበራሁ። ብርሃን ጭራሽ አያሳልፍም። ጭቃው እንደ ሸክላ ደርቋል። ከዚያ የባሰው፣ ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውሃ ፊት ለፊት ሲመታ ኖሮ ማር እንጀራ የሚመስሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ተኝተዋል። የተኛ ክንፍ ግድግዳ ነው፣ አየር አያልፍበትም።

መፍትሄው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፕላስቲኮቹን ፍቱ። ጭቃውን በውሃ አርሱትና ጠብቁ። ከዚያ ከኋላ ወደፊት፣ ግፊቱ ዝቅ ባለ ውሃ እጠቡ፤ ጭቃው በገባበት ይውጣ። የተኙትን ክንፎች በቀጭን ካቻቪቴ አንድ በአንድ አቅኑ። የልጁ ራዲያተር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አልፈላም። በክንፎቹ መሃል ያሉትን ቀጫጭን የኩላንት ቱቦዎች አትንኩ፣ ቶሎ ይበሳሉ። በኃይለኛ ውሃ አትጠቡ። አሁንም እላለሁ፣ በኃይለኛ ውሃ አትጠቡ።

«አየር ይግባ» ብሎ ፍርግርጉን አውልቆ የጣለም ገጥሞኛል። ከፊቱ የሚሄደው ሞተርሳይክል ጎማ የወረወረው ድንጋይ ራዲያተሩን በሳው። ርካሽ ፕላስቲክም አትግዙ። ብሎኑ ቀዳዳው ላይ አይገጥም፣ ክፍተት ይተዋል፣ አየሩም በዚያ ያመልጣል። ለጭቃ ውድድር ራዲያተሩ ላይ መረብ ያሰራችሁ፣ መሬቱ ሲደርቅ አውልቁት።

ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ ከፈላ ክዳኑን ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ኩላንቱም ቶሎ ይፈላል። በቀዝቃዛው ተነሥቶ ወዲያው አረፋ የሚያወጣ ከሆነ የተበላሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው ማሸጊያ) ነው።

ሳይፈላ ጋዝ ሲሰጠው የሚታፈን ከሆነ ፊልትሮውን (የአየር ማጣሪያውን) እዩ። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ስቲከሩን እዩ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በስቲከር የሸፈነ ስንቱ ነው! በምላጭ ቆርጣችሁ ክፈቱት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ያለው ያማሃ ዋይዜድ 450 ኤፍ ላይ ግን ፊልትሮውን ኋላ አትፈልጉ። አየር የሚስበው ከፊት ስለሆነ ፊልትሮውም ፊት ነው።

የጎደለውን ስትሞሉ ተራ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል።